የጥጉ ማሽን

ሰኞ

ዛሬ ሥራ ተመለስኩ። ካርድ ክፍሉ እንደተውኩት ነው፤ ሦስት መስኮት፣ አራት ማሽን፣ ከኋላ ባዶውን የቀረው የወረቀት ካርድ መደርደሪያ። መስኮት ሁለት ላይ የምትሠራው ልጅ፣ ሁላችንም ቀልጣፋ የምንላት፣ ወንበሬን ጠራርጋ ጠበቀችኝ። «እትዬ፣ ዛሬ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፤ ያንቺንም ሰው እኔ አስተናግዳለሁ» አለች። አመሰገንኳት። ደግነት ሲበዛ ግን ያስፈራኛል። መስኮቴን ለምዳው እንዳትቀር።

መጀመሪያ ያደረግሁት የልጄን ገጽ መክፈት ነው። አስሙን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የታከመው እዚሁ ሆስፒታል ስለሆነ ታሪኩ በሙሉ አለ። ስሙን አንድ ባንድ ጻፍኩት። ወጣ። ሁኔታ፦ በክትትል ላይ። ቀጠሮ፦ ለሚመጣው ወር። የመጨረሻው ጽሑፍ ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥቶ የሚነፋውን መድኃኒት የወሰደ ጊዜ የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ባዶ።

ልጄ የሞተው በሚያስተምርበት ከተማ፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ በዚያ ጤና ጣቢያ፣ በዚያ ነርስ እጅ ነው። የዚያ ጣቢያ ማሽን ከኛ ጋር የተገናኘ ነው፤ እዚያ የሚጻፈው በመስመር መጥቶ እኛ ጋ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል። ታዲያ የት አለ? አስከሬኑን ይዘው የመጡት መምህራን የሚያውቁት ነገር የለም። «ከሰዓት ሲያስተምር ነበር» ይላሉ፣ ያለቅሳሉ። የሚያውቀው ነርሱ ነው። ነርሱ ደግሞ አንድ መስመር አልጻፈም።

ካርድ ክፍል ስቀጠር መጀመሪያ የተነገረኝ፣ ያልተጻፈ ሕክምና እንዳልተደረገ ይቆጠራል የሚል ነው። እንግዲህ ወይ ምንም አላደረጉለትም፣ ወይ ያደረጉት የሚጻፍ አይደለም።

ማክሰኞ

ቀልጣፋ እንደምትለው የሩቅ ጣቢያዎች መስመር በዝናቡ ተበጥሶ ነው የከረመው። እኔ ለቅሶ ላይ ሳለሁ መሆኑ ነው። ሰበብ አይጠፋም። ዛሬ ከሰዓት ይጠገናል አሉ።

ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩትን ጠዋት አደረግሁ። በወረቀቱ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲሸተን መላ ነበረን። ታማሚ ሞቶ ቤተሰብ ሲያጉረመርም አንዱ ይመጣና «እስቲ ያንን ካርድ አንዴ ላየው» ይላል፤ ብዕሩ ኪሱ ውስጥ ነው። እኛ ቀድመን ካርዱን ከመደርደሪያው አውጥተን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈንበታል። «እየፈለግነው ነው» እንላለን። ኃላፊ እስኪመጣ ማንም ሰው አንድ ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ጥግ ያለውን አሮጌ ማሽን የሚጠቀምበት የለም። እሱ ላይ የልጄን ገጽ ከፍቼ «አስተካክል» የሚለውን ነካሁ። አንድ ሰው እሱን ነክቶ ገጹን እስካልዘጋ ድረስ ሌላ ሰው እዚያ ላይ መጻፍ አይችልም፤ ሥልጠና ላይ ነግረውናል። ከዚያ ስክሪኑን ብቻ አጥፍቼ የአቧራ ጨርቁን አለበስኩት።

አሁን ይምጡ። ተማክረው፣ አሳምረው የጻፉትን ውሸት የት እንደሚያስገቡት አያለሁ።

ረቡዕ

መስመሩ ተጠግኗል። የባሰ ሆነ። ከሩቅ የሚመጣው ሁሉ ይሽከረከራል። «ሲስተም የለም» ስል ዋልኩ። አንድ ሽማግሌ «ትናንትም የለም አላችሁ፤ የት ሄዶ ነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሐሙስ

ወረፋው ከበሩ አልፎ ደረጃው ላይ ደረሰ። ኃላፊው ሁለቴ መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ማሽኖቹን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው።

ዓርብ

ነርሱ ደወለ። ቀልጣፋ አንሥታ «እትዬ፣ ላንቺ ነው» ብላ አቀበለችኝ። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ልጅ ነው።

«እናቴ፣ እንዴት ነሽ?» አለ።

እናቱ አይደለሁም። «እናቴ አትበለኝ። የጻፍከው የት አለ?» አልኩት።

«ልኬዋለሁ እኮ! በዚያው ምሽት ነው የጻፍኩት። መስመር አልነበረም። አሁን መስመሩ ሲመጣ ደግሞ እኔ ጋ ‹በመጠባበቅ ላይ› ይላል።»

«እኔ ጋ ባዶ ነው።»

«እንግዲህ አንዴ ይደርሳል። ካልሆነም እኔ በቃሌ ልንገርሽ፣ ከመጀመሪያው—»

«በቃል አልፈልግም። ቃል ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ነው። የጻፍከውን ነው የማየው።»

ዘጋሁበት። ቀልጣፋ ወረቀት የምታገላብጥ መሰለች። ጆሮዋን ጥላብን ነበር።

በመጠባበቅ ላይ! ምን እየጠበቀ? እኔ እስክረሳ?

እሑድ

ታናሽ እህቴ ከለቅሶው ወዲህ እኔ ጋ ናት። ምሳ ላይ ስለ ነርሱ ነገርኳት።

«ደወለልሽ? እና ምን አለሽ?»

«ዘጋሁበት።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጎበዝ! ወር ሙሉ ‹እንዴት ሞተ፣ እንዴት ሞተ› ስትዪ ከርመሽ፣ የሚያውቀው ሰው ሲደውል ዘጋሽበት።»

«ይዋሸኛል።»

«ሳይናገር ነው የዋሸሽ?»

እሷ የካርድ ሥራ አታውቅም። ለአፍ ምን አለበት? ብዙ አፍ ሰምቻለሁ በዚያ መስኮት።

ማታ ሳስበው፣ እዚያ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ለማስተማር ሁለት ቦታ ሲደርሰው ነፋሻውን መረጥኩለት። «አየሩ ይስማማሃል፤ ደረትህ ይከፈታል» አልኩት። እሱ ደግሞ «ደረቴ ሲከፈት አንቺ እየመጣሽ ትዘጊዋለሽ፣ በሹራብ» ብሎ ሳቀብኝ። ሹራቡን ግን ይዞት ሄደ። ከአስከሬኑ ጋር ተመለሰልኝ።

ሰኞ

ኃላፊው ባለሙያ አመጣ። የሩቅ ጣቢያዎችን ሥራ ሊያፋጥን ነው ተባለ። ክፍል ውስጥም የማያወልቀው ኮፍያ አለው፤ ቀልጣፋ ወዲያው «ኮፍያው» አለችው፤ እሱም አልተቀየመም።

«ችግሩ ምን መሰላችሁ» አለን፣ ወንበር ገልብጦ ተቀምጦ። «እዚያ ያለው ነርስ የአንድ ሰው ክብደት ሲያስተካክል ገጹ በሙሉ፣ ከነፎቶው፣ ከነራጁ ተነሥቶ ነው በዚያች ቀጭን መስመር የሚመጣው። ቁልፍ አቀብለኝ ሲሉት ቤቱን ተሸክሞ እንደሚመጣ ሰው ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የተስተካከለችው ነገር ብቻ ትመጣለች። ፎቶው በምሳ ሰዓት፣ መስመሩ ሲያርፍ ይመጣል።»

«እንዲህ ቀላል ከሆነ እስከዛሬ የት ነበርክ?» አለችው ቀልጣፋ።

«አልጠራችሁኝም።»

ተሳሳቁ። ገና በአንድ ቀናቸው።

ከዚያ ወደ ጥግ ተመለከተ። «እትዬ፣ ያ ማሽን ይሠራል?»

«አሮጌ ነው።»

«መብራቱ በርቷል።»

«አንዴ ከጠፋ አይነሣም። ለዚያ ነው የማናጠፋው።» አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን አልወደድኩትም። ይህ ሰው ማሽን ሊያይ ብቻ አልመጣም።

ማክሰኞ

እኛው ግቢ ካሉት ክፍሎች የሚመጣው እንደ ውሃ ይፈስሳል። ከሩቅ የሚመጣው ያው ነው። ኮፍያው ምሳውን ማሽኑ ፊት በላ። «እንዴት?» ይላል ለራሱ። «ቀለል አደረግሁልህ፣ መንገድ ጠረግሁልህ፣ ለምን አትመጣም?» ማሽን የሚለማመጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ከመጸዳጃ ስመለስ ቀልጣፋ ጥጉ ጋ ቆማ የአቧራ ጨርቁን ይዛለች። እጇ ወደ ማጥፊያው እየሄደ ነው።

«አትንኪው!» አልኩ።

ወረፋው ሁሉ ዘወር አለ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

«እትዬ፣ ግሎ ነው። እንዳይቃጠል ብዬ—»

«ይቃጠል! አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ መስኮቷ ሄደች። እኔም ወደ መስኮቴ። እንዲያ መጮህ አልነበረብኝም። ግን ለምን ዛሬ? ከኮፍያው ጋር ሻይ በጠጣች ማግሥት?

ሐሙስ

ኮፍያው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ሳልጠይቀው ያስረዳኝ ጀመር።

«እትዬ፣ ይሄ ልክ እንዳንቺ መስኮት ነው። የሩቅ ጣቢያዎች ሥራ በሙሉ አንድ ወረፋ ላይ ነው የቆመው። ከፊት የቆመው ሰውዬ አልጨረሰም። መስኮቱ ጋ ይደርሳል፣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው ይተወዋል፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ፊት ላይ ይቆማል። ከኋላው ስንት ሰው አለ መሰለሽ!»

«ሰውዬውን አስወጡት እንግዲህ» አልኩ።

«ምን አጠፋ? የሚያቀብለው ነገር ይዞ ነው የመጣው። ያልተከፈተለት መስኮቱ ነው።»

«ማን ነው?»

ኮፍያውን አወለቀ። ራሱ ላይ ፀጉር የለም፤ ለካ ለዚያ ነው። መልሶ አደረገው። «እሱን እያየሁት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲህ እየው» ብዬ ወደ ሰዎቼ ዞርኩ።

የነገር አነጋገሩ አልጠፋኝም። የምጠረጥረውን ሰው እኔም እንዲሁ ነው የማናግረው።

ዓርብ

በጓሮ በር ስገባ ኮሪደሩ ላይ ሰማኋቸው። አላዩኝም።

«ለኃላፊው ልንገረው?» አለ ኮፍያው።

«ለኃላፊው? አንተ ሰው አይደለህም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ እኮ ከዚህ ሆኜ በአንድ ቁልፍ መጨረስ እችላለሁ።»

«አትጨርስም። ትንሽ ጊዜ ስጣት።»

«ለእሷ ጊዜ ስሰጥ እዚያ ያሉት ሰዎች—»

«መላ ፈልግ! ለዚህ አይደል ኮፍያ ያደረግከው?»

ሳልታይ ተመልሼ በፊት በር ገባሁ። እንዳሰብኩት ነው። ሊያባርሩኝ እየመከሩ ነው፤ ቀኑ ላይ ብቻ አልተስማሙም። ኃላፊውም፣ ነርሱም፣ እነሱም አንድ ሆነዋል። አንድ ሰው ሞቶ ስንት ሰው ይሸፋፍናል!

ቀልጣፋ ከሰዓት ብርቱካን ልጣ ግማሹን በወረቀት አድርጋ መስኮቴ ጋ አስቀመጠችልኝ። አልበላሁትም። ማታ ከቦርሳዬ አውጥቼ ስጥለው ሳላውቀው አንዷን ክፋይ ቀምሼ ነበር። ጣፋጭ ነው።

ሰኞ

ኮፍያው መላ አገኘሁ አለ። ወረፋውን ከፋፈለው፤ አሁን እያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱ ወረፋ አለው። ጠዋት ስንከፍት ሁሉም ገባ። የሌላ ጣቢያ ነርሶች እየደወሉ ያመሰግናሉ። አንዷ «ማሽኔ ተሰረቀና ሌላ አመጡልኝ እንዴ?» አለች። ኃላፊው ሲስቅ አየሁት፤ ጥርስ እንዳለው ረስቼ ነበር።

«አንድ ጣቢያ ብቻ ቀረኝ» አለ ኮፍያው። የትኛው እንደሆነ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም።

«እሱም ከፊት ያለውን ዘልሎ ቢመጣስ?» አለችው ቀልጣፋ።

«አይሆንም። የአንድ ጣቢያ ሥራ በቅደም ተከተሉ ካልመጣ፣ ከትናንቱ መድኃኒት በፊት የዛሬው ሊታይ ነው። ሰው ይጎዳል።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሁላችንም እንደሚናገር፣ «ቅዳሜ ዋናውን ማሽን አጥፍቼ አስነሣለሁ። የትም ቦታ ተከፍቶ የቀረ ገጽ ሁሉ በራሱ ይዘጋል። በገዛ እጁ መዝጋት የሚፈልግ ሰው ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ነው» አለ።

ማንንም አላየም። ጣሪያውን ነው ያየው።

ረቡዕ

ቅዳሜ ሁሉም ነገር ሲዘጋ ሊያስገቡት ነው። ተዘጋጅቻለሁ። ዛሬ ከጥጉ ማሽን የልጄን ገጽ በወረቀት አውጥቻለሁ፤ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ። ቅዳሜ አንድ ነገር ቢጻፍበት «ይኸው፣ እስከ ረቡዕ አልነበረም» እላለሁ። ወረቀቱን እህቴ አየችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ማስረጃ።»

«የምን?»

«ምንም እንዳልጻፉ።»

ገልብጣ ኋላውን አየች። «እና እንዲጽፉ ነው የምትፈልጊው፣ እንዳይጽፉ?»

ወረቀቱን ተቀብያት ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ሰው የደከመ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም።

ሐሙስ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መስኮቴ ጋ ቀረበች። ስሙን ከመጠየቄ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ያ የደረት ፉጨት። ሃያ ስድስት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ከተዘጋ በር ጀርባ ቢሆን እንኳ አይጠፋኝም። የመጣችው ከልጄ ከተማ ነው። ሌሊቱን በመኪና ስትጓዝ አድራለች።

«ነርሱ ወደዚህ ልኮኝ ነው። ሁሉንም ጽፏል» አለች።

ፈለግሁ። የለም። «አልደረሰም» አልኳት።

«እንዴት አይደርስም? ዓይኔ እያየ እኮ ነው የጻፈው!»

«ሲስተም የለም።»

«ሲስተም አላውቅም እኔ! ፊቴ ቁጭ ብሎ፣ በሁለት ጣቱ፣ አንድ ባንድ ለቅሞ ነው የጻፈው። ‹ስንት ጊዜ ምን እንደሰጠሁት አለበት፤ እዚያ ስትደርሺ ያዩታል› ብሎኛል። ስትወጪ ስትገቢ ይጽፋል። እስኪያናድድ ድረስ ነው የሚጽፈው! ‹አንተ ልጅ፣ ጽሕፈት ቤት ነህ ወይስ ሐኪም?› ብዬዋለሁ።»

«ሁልጊዜ ነው የሚጽፈው?» አልኳት።

«ሁልጊዜ። ለምንድነው የምትጠይቂኝ? ልጄን አስገቢልኝ!»

ቀልጣፋ ከወንበሯ ዘልላ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ተቀበለችና ወደ ድንገተኛ ሮጠች። ትንሽ ቆይቶ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሟ ራሷ መጣች። «ከዚያ ምን ያህል ተሰጥቶታል? ሳላውቅ መድገም አልችልም፤ ልቡን ይጎዳዋል። የት አለ ጽሑፉ?» አለች፣ እኔን እያየች።

ስልኩን አንሥቼ ነርሱ ጋ ደወልኩ። ወዲያው አነሣ። «እትዬ» አለ። እናቴ አላለኝም፤ ያልኩትን ይዟል። የልጁን ስም ነገርኩት። ሳይንተባተብ፣ ምን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት እያለ ዘረዘረልኝ። ከሐኪሟ ጋር አገናኘኋቸው። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ መሐላቸው ቆሜ ሰማሁ። የሚያነበው ከጽሑፉ ላይ ነው። ጽፎታል።

ልጁ ከሰዓት ተሻለው። ከሥራ ስወጣ አልጋው ጋ ሄጄ አየሁት። ጭንብሉን አድርጎ በእግሩ አንሶላውን ይመታል። እናቱ አላወቀችኝም፤ ወይም አውቃኝ ዝም አለች።

ለሌላ ሰው ልጅ ይጽፋል። ለኔ ልጅ ብቻ ምን ቆርጦት ዝም ይላል? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ቤት ስሄድ መልሱ አብሮኝ ይሄድ ነበር። ዘወር ብዬ አላየሁትም።

ዓርብ

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ ብዬ ነበር። ኮፍያው ቀድሞኛል። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ ራሱን እያሻሸ ሻይ ይጠጣል። አየኝ። ወደ ጥግ ስሄድ አየኝ። ብርጭቆውን ይዞ ወጣ፤ በሩንም ቀስ ብሎ መለሰው። ለካ ይህን ሁሉ ቀን ያውቅ ነበር። ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ጨርቁን አነሣሁ። ማሽኑ እንደታመመ ሰው ግንባር ይፋጃል። ስክሪኑን አበራሁ። ልጄ እዚያው ነው፤ በክትትል ላይ፣ ቀጠሮው በሚመጣው ወር። ቀጠሮ ያለው ሰው ይመጣል። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር፣ ገጹን የጠበቅሁት ከዚያ ነርስ ውሸት ብቻ አልነበረም። ያ ቃል እንዳይለወጥም ነበር።

«ዝጋ» የሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። አቆየሁት። ከዚያ ተጫንኩት።

ምንም ድምፅ የለውም። መሳቢያ እንኳ ሲከፈት ይንቋቋል።

የራሴ ማሽን ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። የዚያ ጣቢያ ጽሑፎች አንድ ባንድ መግባት ጀመሩ። እርጉዞች፣ ክትባቶች፣ የተሰበረ እጅ፣ የትናንቱ ልጅ፤ የስንት ሰው ነገር ነው! ከሁሉ ፊት ያለፈው ግን የልጄ ነበር። ከፈትኩት። ሁኔታው ተለውጧል። ሥሩ ላይ ያለውን ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«ታማሚው አመሻሽ ላይ በእግሩ መጣ። ትንፋሹ አጭር ነው፤ ደረቱ ያፏጫል። ወዲያው ኦክስጅን ተደረገለት፤ በጭንብል መድኃኒት ተሰጠው። ተሻለው። ተቀምጦ ተጫወተ። ይህን ስጽፍ አይቶኝ ‹በደንብ ጻፈው፤ እናቴ ካርድ ክፍል ናት፤ ታነበዋለች፤ የጎደለ ካርድ አትወድም› አለኝ። ስለዚህ ሁሉንም እጽፋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንገት ባሰበት። መድኃኒቱ ተደገመ። መርፌ ተሰጠ። አምቡላንስ ተጠራ፤ ወንዙ ስለሞላ መሻገር አልቻለም። ትንፋሹ ሲቆም በእጅ ፓምፕ አየር ሰጠሁት። አላቆምኩም። እጁን ይዛ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ እኔ ፓምፑ ላይ ነበርኩ። አልተመለሰም። ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ለምርመራ አውልቄ መልሼ አልብሼዋለሁ።»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። መስኮቶቹ ተከፍተው ሰው ተሰልፎ ነበር። ቀልጣፋ የኔንም የራሷንም ታስተናግዳለች፤ አንዴም ወደ እኔ አልዞረችም። መስኮቴን ልትወስድ አይደለም። ከሰው ዓይን እየከለለችኝ ነው።

ነርሱ ጋ ደወልኩ።

«እና… እትዬ» አለ። «ደረሰ?»

«ደረሰ።»

ከበስተኋላው ሕፃን ያለቅሳል።

«የጎደለ ነገር አለው?» አለኝ።

ጽሑፉን ከላይ ጀምሬ ዳግም አየሁት። ጠበቀኝ።

«እናቴ ታነበዋለች ሲልህ» አልኩት፣ «ሳቀ?»

«አዎ። ሳቀ። ከዚያ አሳለው።»

«እሱን አልጻፍከውም።»

«እሱ እንኳ… ካርድ ላይ የሚጻፍ መስሎ አልታየኝም። ልጨምረው?»

«ጨምረው።»

«አንቺ ጋ ገጹ ተከፍቶ ከሆነ እንቢ ይለኛል። ዘግተሽልኛል?»

ዘጋሁት። እጄን ከማሽኑ ላይ አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁ። «ዘግቻለሁ፣ ልጄ» አልኩት።

በሁለት ጣቱ አንድ ባንድ ሲለቅም በስልኩ ይሰማኛል።

«ልኬዋለሁ» አለ።

ስልኩን ሳላስቀምጥ ደረሰ።